የንጉሥ ሊዮኔል ሁለተኛ ሠርግ

ኦስበርት ፌን ጢም ሳያበቅል በገባበት አልጋ ቤት ውስጥ ጢሙ ሸበተ። ከቱዶር ቤት የተወለደው ንጉሥ ሊዮኔል የሚተኛበትን አልጋ በየማለዳው አራት ሰዎች ያነጥፉታል ይባላል። ይባላል እንጂ ሁለቱ ቆመው ያወራሉ፣ አንዱ ሻማ ይዞ ያዛጋል፣ የሚሠራው ኦስበርት ነው። ገለባው ውስጥ ስለት ተደብቆ እንዳይሆን በጩቤ እየወጋ የሚፈትሸው እሱ፤ የላባው ፍራሽ ላይ ወጥቶ ከዳር እስከ ዳር የሚንከባለለው እሱ፤ አንሶላውን ወጥሮ፣ እጁ ያረፈበትን ሁሉ ስሞ፣ አማትቦ ጠበል የሚረጨውም እሱ። ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ንጉሥ ያልተማተበበት አልጋ ላይ አይተኛም።

ሹመቱ ግን ሌላ ነገር ነው። የአልጋ ቤት አለቃነት በኦስበርት ዕድሜ ስንት ጊዜ ተከፍቶ ስንት ጊዜ እሱን ዘሎ አለፈ። አንዴ የጸጉር ቆራጩ አማች ተሾመ። አንዴ ደግሞ አባቱ ለንጉሡ ጥሩ ጥሩ ውሻ የሚልክ አንድ ቀብራራ መጣ። በስተመጨረሻ የተሾመው የእልፍኝ አስከልካዩ የሰር ፒርስ ዋርድሎ የእህት ልጅ ነው፤ ይኸኛውማ ከፍራሹ በላይ ምን እንደሚነጠፍ ኦስበርትን እየጠየቀ ኦስበርትን ይቆጣ ነበር። ሰር ፒርስ ራሱ አንድ ቀን እንኳ በስሙ ጠርቶት አያውቅም። "ገለባው" ነው የሚለው። "ገለባው፣ በሩን ዝጋ። ገለባው፣ ከፊቴ ዞር በል።" ኦስበርት ደግሞ የሚረሳ ሰው አይደለም። ንባብ የተማረው ከሰበካው ቄስ ዘንድ አንድ ክረምት ብቻ ነው፤ የተሰደበውን ለማስታወስ ግን ፊደል መቁጠር አያስፈልግም።

በዚያ ሁሉ ዘመን በስሙ የምትጠራው ንግሥቲቱ ብቻ ነበረች።

ንግሥት ቤያትሪስን ከናቫራ አገር ሲያመጧት እሷም ንጉሡም ገና ለጋ ነበሩ። አብረው ጎረመሱ፣ አብረው ወፈሩ። ይዋደዱ ነበር። አራት ሰው በሚያስተኛው አልጋ ላይ ኦስበርት ጠዋት ጠዋት የሚያገኘው ጉድጓድ አንድ ብቻ ነበር። ልጅ ግን እምቢ አላቸው። ሁለት ጊዜ የሕፃን አልጋ ከዕቃ ቤት ወጥቶ ተወለወለ፣ ሁለት ጊዜም ጨርቅ ለብሶ ተመለሰ። ተሸክሞ ያወጣውም የመለሰውም ኦስበርት ነበር። የእሱም ሚስት ሲስሊ አንድ ልጅ ወልዳ ቀብራለች፤ ያኔ ንግሥቲቱ በየማለዳው በሩ ላይ ትጠብቀውና፣ "ሲስሊ እንዴት አደረች?" ትለው ነበር። ሲስሊ ቀና ብላ እስክትሄድ ድረስ አንድም ማለዳ አልዘለለችም።

መኳንንቱ ግን "ወራሽ፣ ወራሽ" እያሉ ንጉሡን ቁጭ ብሎ እንዳይበላ አደረጉት። ጳጳሳቱም መጽሐፍ ገልብጠው፣ ንጉሡና ንግሥቲቱ በቅድመ አያት በኩል ይዛመዳሉና ጋብቻው ከመነሻውም ጋብቻ አልነበረም አሉ። ዕድሜህን ሙሉ የኖርክበትን ቤት "እዚህ ኖረህ አታውቅም" እንደማለት ነው። እሱ ዐንገቱን ደፋ፤ እሷም ያቀረቡላትን ወረቀት ፈረመች። ፋሲካ እንዳለፈ በጀልባ ተጭና ወንዙን ሽቅብ ወደ ሆልምዊክ፣ ወደ አንድ ያረጀ የገጠር ቤት ተላከች። ለንጉሡ ከባሕር ማዶ የአንድ መስፍን ልጅ ታጨችለት።

የመከር ወራት ሲገባ ሰር ፒርስ ኦስበርትን አስጠራው።

"ገለባው፣ ና እስቲ። የእህቴ ልጅ ከፈረስ ወድቆ እግሩን እንደ ሰበረ ሰምተሃል?"

"ሰምቻለሁ ጌታዬ። እግዜር ይማረው።"

"አላዘንክም፤ ፊትህ ይናገራል። ይሁን። የአዲሲቱን ሙሽራ አልጋ የሚያነጥፍ ሰው እፈልጋለሁ። ሊቀ ጳጳሱ አልጋውን ሲባርክ አገሩ ሁሉ ዙሪያውን ቆሞ ያያል። አንዲት ጭምድድ ያለች ነገር ብትገኝበት..."

"አትገኝም ጌታዬ።"

"ካልተገኘች አለቃ ነህ።" የአልጋ ቤቱን ቁልፍ ከወገቡ ፈትቶ አንዴ አንቃጨለውና መልሶ አሰረው። ሥጋ ለውሻ እንደሚያሳዩት።

ኦስበርት ቤቱ ሲገባ ሲስሊ ጉልበቷን በትኩስ ጨርቅ እያሸች ነበር። ነገራት።

"እሰይ! አለቃ!" አለች። "እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ቆሜ ላብላህ ነው?"

"አታሹፊ አንቺ ሴትዮ። ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅሁት ነው።"

"አውቃለሁ። እኔም አብሬህ ጠብቄያለሁ፤ እንዲያውም እኔ ነኝ ማታ ማታ ሮሮውን የሰማሁት።" ጨርቁን ጨመቀችው። "እና የሷን ቦታ ለሌላ ሴት ስታነጥፍ ሆድህ አይባባም?"

"እሷ ሄዳለች።"

"መሄዷንማ አየሁ፤ ወንዙ ዳር ቆሜ አልቅሻለሁ። የጠየቅሁህ ስላንተ ነው።"

"እኔ አለቃ ልሆን ነው" አለ ኦስበርት።

"እሺ አለቃ፣ ሾርባህ ቀዘቀዘ።"

ሠርጉ ሲቃረብ ሰር ፒርስ ንጉሡን አልጋውን ሊያሳየው ይዞት መጣ። ኦስበርት ከማለዳ ጀምሮ ሲደክምበት ነበር። ገለባው ተፈትሿል፣ ላባው ተነፍቷል፣ ከፍሎሬንስ የመጣው አዲስ ሐር እንደ ረጋ ኩሬ ተዘርግቷል። ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ እጁን አጣመረ። ከሠራው ሥራ ሁሉ እንደዚህ ያለ አልሠራም፤ ይህን ያውቀዋል፣ ደረቱም ትንሽ ተነፍቷል።

ሰር ፒርስ አልጋውን ዞረው። በግራ በኩል ሲደርስ ቆመ። ከሐሩ ትራስ ሥር በሁለት ጣቱ አንዲት ትንሽ፣ የነተበች፣ የበግ ጠጉር የተሞላች ትራስ ጎትቶ አወጣ።

"ይህ ምንድነው?"

ኦስበርት አየና አወቃት። ንግሥት ቤያትሪስን ላባ ያስላታል። ስለዚህ በየማለዳው መስኮቱ ሥር ካለው ሳጥን ያቺን ትራስ አውጥቶ በእሷ በኩል ያደርግላት ነበር። ሳጥኑን ባዶ ያደረገው ሰው የለም፤ እሱም እንደ ወትሮው ከፈተው፣ አነሳት፣ አስቀመጣት። መቼ እንደ ሆነ እንኳ አያስታውስም።

"ይህ አህያ!" አለ ሰር ፒርስ። "ጃንሆይ፣ ይቅርታዎን፤ አሁኑኑ አስወጥቼ..."

"መልሰህ አስቀምጣት" አለ ንጉሡ።

"ጃንሆይ?"

"አስቀምጣትና ውጣልኝ ፒርስ።"

ሰር ፒርስ ሲወጣ ኦስበርትን ያየው አስተያየት "ቆይ ብቻ" የሚል ነበር። ንጉሡ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። ሐሩ ተጨማደደ። ወፍራም፣ ዓይን አፋር፣ ጸጉሩ ከፊት የሳሳ ሰው ነው፤ ያለ ዘውዱ ቢያዩት ዳቦ ጋጋሪ ይመስላል።

"አውቀህ ነው?"

"ኧረ ጃንሆይ! እጄ ነው። እጄ ለምዶ ነው።"

"እጅህ ለምዶ።" ንጉሡ ትንሿን ትራስ በመዳፉ ዳበሳት። "እኔም ስተኛ ወደ ዳር ተጠግቼ ነው። ቦታ እለቅላታለሁ። እንደሌለች እያወቅሁ።" ቀና ሳይል ጨመረ፤ "ብትጠየቅ የምትመለስ ይመስልሃል?"

"እኔ ምን አውቄ ጃንሆይ።"

"ሂድና ጠይቅልኝ።"

"እኔ?"

"ማንን ልላክ ታዲያ? ወረቀት ብጽፍ እሷ ዘንድ ሳይደርስ ምክር ቤቱ ያነበዋል። ከመኳንንቱ አንዱን ብልክ የራሱን ቃል ይቀላቅልበታል። አንተ የምትቀላቅለው የለህም።"

ይህ ሙገሳ ይሁን ስድብ ኦስበርት መለየት አልቻለም። ለማንኛውም ከሌሎቹ ጋር ቋጠረው።

ሆልምዊክ ሲደርስ ንግሥቲቱን ያገኛት የፖም ዛፍ ላይ ነው። እጅጌዋን ሰብስባ፣ የተንጋደደ መሰላል ላይ ቆማ ፖም ትለቅማለች። ዐይታው ገና ሳይንበረከክ ጮኸች።

"ኦስበርት! የሲስሊ ጉልበት እንዴት ነው?"

"አለች እመቤቴ፤ እያነከሰች እኔን ታሯሩጠኛለች።"

"ጎሽ። ይህን ቅርጫት ተቀበለኝ። ምን እግር ጣለህ?"

ቅርጫቱን ታቅፎ እንደ ቆመ ነገራት። ሰምታ ስታበቃ መሰላሉ ላይ ቁጭ አለች፤ እግሮቿ እንደ ልጅ እግር ተንጠለጠሉ።

"ወረቀት ይዘሃል?"

"አልያዝኩም።"

"ደግ አደረገ። እኔም አልጽፍም። አንድ ጊዜ ፈርሜ ይኸው ፖም ለቃሚ ሆኛለሁ።" አንዱን ፖም በቀሚሷ ወለወለችና ሳትገምጠው ያዘችው። "ላንተስ ምን ቃል ገቡልህ?"

"ለኔ? ለኔ ምንም።"

"ኦስበርት።"

"አለቅነቱን" አለ ወደ መሬት እያየ። "አዲሲቱ ሙሽራ ከገባች የአልጋ ቤት አለቃ ነኝ። ሰር ፒርስ ቁልፉን አሳይቶኛል።"

"እኔ ከተመለስኩስ?"

"ሰር ፒርስ ያርደኛል።"

ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። "እንግዲህ እሺ ካልኩ ላንተ ክፉ፣ እምቢ ካልኩ ላንተ ሹመት። እና አንተን ላከ! የኔ ሊዮኔል እኮ ድሮም ሰው ሲመርጥ እንዲህ ነው።" ከመሰላሉ ወረደች፤ ኦስበርት እጁን ዘረጋላት። "እንግዲያው ስማኝ። በጓሮ በር አልገባም። በአዋጅ አስወጥቶኛል፣ በአዋጅ ያግባኝ። ያቺን ልጅ ሊያገባት እንዳሰበው፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ እንደ ሙሽራ ያግባኝ። ደግሞ ልጅ አልወልድለትም፤ ጊዜዬ አልፏል። ይህን ሳታለሳልስ ንገረው። ልጅ ካማረው ያችኛዋን ያግባ፣ አልቀየመውም። እኔ ካማርኩት ግን ይምጣ። ያዝከው?"

"ይዣለሁ እመቤቴ።"

"እምቢ አለች ብለህ ብትነግረው ግን እኔ በምን አውቃለሁ? እዚሁ ፖሜን እለቅማለሁ።" እጁን አልለቀቀችውም ነበር፤ አሁን መታ መታ አደረገችው። "ሲስሊን ሳምልኝ።"

ወንዙን ቁልቁል ሲመለስ ኦስበርት በጀልባዋ ጭራ ተቀምጦ ቂሙን አንድ በአንድ አወጣ። ጸጉር ቆራጩን፣ ቀብራራውን፣ በገና ድግስ ከማዕድ አስነስተው ከውሾቹ ጋር ያበሉትን ቀን። አለቃ ሆኖ ሰር ፒርስ በተራው በሩን ሲከፍትለት አየ። ምን ጎደላት? ቤት አላት፣ ፖም አላት። አንዲት ቃል ነች፤ "እምቢ አሉ" ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ነው።

ከጀልባ መውረጃው ደረጃ ላይ ሰር ፒርስ ራሱ ቆሞ ይጠብቀዋል። ዝናብ እየመታው፣ ያለ አሽከር፤ ጀልባዋ ወዴት እንደ ሄደች ከጠባቂዎቹ ሰምቷል።

"ኦስበርት!" አለ።

ኦስበርት ዞር ብሎ ሌላ ሰው ፈለገ።

"ኦስበርት ወንድሜ፣ በርዶሃል፤ ና ወደ ጥላው።" ክንዱን ያዘው። "እምቢ ብላለች አይደል? አውቃለሁ፣ ኩሩ ናት። ይህንኑ ለጃንሆይ ንገርና ወደኔ ና። ቁልፉ ይኸው።" ብረቱ መዳፉ ላይ ተንጋሎ ነበር፤ ዝናቡ ያበራው ጀመር።

ስሙ በዚያ አፍ ሲጠራ ጣፈጠው። መጣፈጡ ደግሞ አናደደው። እንዲህ ቀላል ነበር? ይህን ሁሉ ዓመት ስሙን ያውቅ ኖሯል?

"ጃንሆይ ይጠብቁኛል ጌታዬ" አለና አለፈ። ምን እንደሚል ግን ገና አልቆረጠም ነበር።

ንጉሡ የመኝታ ቤቱ መስኮት ሥር ሳጥን ላይ ተቀምጦ ነበር። ኦስበርት ሲገባ አልዞረም።

"እምቢ ብላ ከሆነ" አለ፣ "ቀስ ብለህ ንገረኝ።"

ኦስበርት ያን ሰፊ ጀርባ አየው። ጎብጧል፤ ዱላ እንደሚጠብቅ ሰው። አፉ ላይ የነበረችው አንዲት ቃል ድንገት የሰር ፒርስ ሆነችበት፤ የሱ አልነበረችም። ሳይናገራት ተዋት። የሰማውን ሁሉ እንደ ሰማው ተናገረ፤ የጓሮ በሩን፣ አዋጁን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ደጃፍ። ልጅ አልወልድም ያለችው ላይ ሲደርስም አላለሳለሰውም።

ንጉሡ ዞረ። ፊቱ ርሷል።

"ምን ስትሠራ አገኘሃት?"

"ፖም ሲለቅሙ ጃንሆይ።"

"መሬት የወደቀውን?"

"ኧረ ከላይ። የተንጋደደ መሰላል ላይ ሆነው።"

"መሰላሉን ማን ይዞላት?"

"ማንም አልያዘላቸውም።"

"ማንም?" ንጉሡ ከሳጥኑ ላይ ብድግ አለ። "ያ የዘመመ መሰላል? በዚህ ዝናብ? አንድ ሰው እንዴት መሰላል አይይዝላትም! ቦት ጫማዬ የታለ? ኦስበርት፣ ጫማዬን!"

ከዚያ በኋላ ያለውን አገር ያውቀዋል። ያው ጳጳሳት ያንኑ መጽሐፍ ገልብጠው ዝምድናው በጣም ሩቅ ነው፣ ጋብቻ አይከለክልም አሉ። የንጉሡ እህት ልጅ፣ እልኸኛዋ ማቲልዳ፣ ወራሽ ተባለች። ከማዶ የመጣችው የመስፍኑ ልጅ የባሕር ሕመሟ ገና ሳይለቃት ስጦታ ተሸክማ ተመለሰች፤ መርከቡ ላይ ስትጨፍር አየን ያሉ አሉ፤ የወደደችው የአገሯ ልጅ ነበር ይባላል። ሰር ፒርስ በሹመቱ ቀጠለ፤ እንዲህ ያለ ሰው መቼ ይወድቃል። የአልጋ ቤቱ አለቅነት ለወንድሙ ልጅ ተሰጠ። ኦስበርት ደግሞ ወደ ፈረስ ቤት ተዛወረ፤ ገለባ እንዲያነጥፍ። ለፈረስ።

ንጉሡ አልጠየቀም። ደስ ያለው ሰው ይረሳል። ኦስበርት ይህንንም ቋጠረው፤ ግን ቋጠሮው እንደ ሌሎቹ አልጠበቀለትም።

"ምን ነበረበት እምቢ አሉ ብትል?" አለችው ሲስሊ አንድ ቀን፣ ከጸጉሩ ላይ ገለባ እየለቀመች።

"ምንም አልነበረበትም።"

"ታዲያ?"

"አልቻልኩማ።"

ግንባሩን ሳመችው። "የኔ አለቃ" አለች፤ በዚህኛው ጊዜ ሳታሾፍ።

ሠርጉ ሆልምዊክ ነበር፤ ከመንደሩ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ፣ ንግሥቲቱ እንዳለችው። ዘነበ። መኳንንቱ ጭቃው ውስጥ በሐር ጫማ ቆመው ይንሾካሾካሉ። ኦስበርትና ሲስሊ ከፈረስ ጠባቂዎቹ ጋር ከኋላ፣ ከአጥሩ ሥር ነበሩ። ቤያትሪስ ነጭ ሻሽ አስራ፣ ከጥግ እስከ ጥግ ፈገግ ብላ መጣች፤ ንጉሡ ሲያያት እንደ ጎረምሳ ቀላ።

የመንደሩ ቄስ፣ በሰዉ ብዛት የተደናገጠ ሽማግሌ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ። "ይህችን ሴት ለዚህ ሰው የሚሰጥ ማነው?"

አባቷ ሞቷል፣ ወንድሞቿ ናቫራ ናቸው። ሰር ፒርስ ካባውን አስተካክሎ ወደ ፊት ወጣ።

"አንተ አይደለህም" አለች ሙሽራይቱ።

"እመቤቴ፣ ሥርዓቱ..."

"የፊተኛው ጊዜ የሰጠኸኝ አንተ ነህ። መልሰህም የወሰድከኝ አንተ ነህ። እጅህ አይረጋም።" መኳንንቱ መሐል አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። እሷ በሰዉ አናት ላይ አሻግራ ተመለከተች። "ኦስበርት ፌን የት አለ?"

ኦስበርት አልተንቀሳቀሰም። የተጠራው ስም የሌላ ሰው መሰለው።

"ሂድ አንተ!" ሲስሊ በክርኗ ጎኑን ወጋችው። "ሂድ እንጂ! ኮፍያህን አውልቅ! ኧረ ገለባው፣ እዚያ ጆሮህ ላይ!"

ሰዉ መንገድ ከፈተለት። ጭቃ የጠገበ ጫማውን እየጎተተ ወጣ። በሰር ፒርስ አጠገብ ሲያልፍ ያ ሰው እግሩን ረገጠው፤ ወይም ኦስበርት እንደዚያ መሰለው። ከሰር ፒርስ ጎን የወንድሙ ልጅ ቆሟል፤ ቁልፉ ወገቡ ላይ ነው። ኦስበርት ቁልፉን አየው፤ ብረት ብቻ ነው።

"ይህ ሰው ማነው?" አለ ቄሱ ግራ ገብቶት።

"እምቢ አለች ብሎ ያልዋሸብኝ ሰው ነው" አለች ንግሥቲቱ። "ከሱ የተሻለ አባት ከየት ላምጣ?"

ንጉሡ ኦስበርትን አየው፤ ከዚያም ጆሮው ላይ የቀረችውን ገለባ፤ ከዚያም ዞሮ ሰር ፒርስን። የረሳውን ነገር ያን ጊዜ እንዳስታወሰ ፊቱ ላይ ታየ። አፈረ። "ጠይቁት አባ" አለ ቀስ ብሎ።

"ይህችን ሴት ለዚህ ሰው የሚሰጥ ማነው?"

"እኔ" አለ ኦስበርት። ድምፁ ከፈለገው በላይ ወጣ፤ አጥሩ ላይ ያሉት ቁራዎች ተነሡ። "እኔ ነኝ።"

የንግሥቲቱን እጅ ያዘ። ቀዝቃዛ ነው፣ ዝናብ አርሶታል፤ መዳፉ ላይ የመሰላል ሻካራነት አለው። ወደ ንጉሡ እጅ አደረሰው። ንጉሡ ተቀበለው። ቄሱ ቀጣዩን ቃል ለማለት ጠበቀ፤ ንጉሡም ጠበቀ፤ ዝናቡ ብቻ አልጠበቀም። ከአጥሩ ሥር የሲስሊ ሳቅ ተሰማ።

"ኦስበርት" አለች ንግሥቲቱ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ፣ "አሁን ልቀቀኝ።"